አንድ ስም ብቻ ያለው የዘር ሐረግ

በእኛ አገር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አባቶቹን ይቆጥራል። የእኛ አገር የምለው ጅጅጋን፣ ሐርተሼክን፣ ቱሊ ጉሌድንና አካባቢውን ነው። ገና አፉን የፈታ የሶማሌ ልጅ አጎቱ ፊት ይቆምና ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሃያውን ስም ሳይሳሳት ከጨረሰ ከረሜላ ይሰጠዋል፤ ከተሳሳተ ይሳቅበትና እንደገና ይጀምራል። የእኔ ግን አጭር ነው፤ ዩሱፍ ታደሰ፣ አለቀ። ከታደሰ በላይ ማን እንዳለ አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

ስሜን የሰማ ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል። ጅጅጋ ውስጥ ዩሱፍም ሞልቷል፣ ታደሰም አይጠፋም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሰው ግራ ይገባዋል። ብዙዎች «ወሎዬ ነህ?» ይሉኛል። እኔም ማስረዳት ሲሰለቸኝ አዎ እላለሁ፤ ወሎን ግን በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የውሃ ቦቴ ሹፌር ስለነበርኩ ውሃውን አውቀዋለሁ፤ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የወለደችኝ እናቴ አልማዝ ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ታደሰ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን እሱም ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። ማርገዟን ይወቅ አይወቅ የሚነግረኝ የለም። እናቴ አብዲ የሚባል የቆዳ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከወለደችኝ በኋላ ጤና አላገኘችም፣ ጡት ሳልጥል ሞተች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀበሯት። የአብዲ ሚስት ሐሊማ ያኔ ልጇን አብዲራሺድን ታጠባ ስለነበር፣ ለቀስተኛው ከግቢው ሳይወጣ እኔን በሌላው ጡቷ ያዘችኝ። ሆዮ የምለው እሷን ነው፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። አብዲን ደግሞ አቦ እለዋለሁ። አብዲራሺድ የጡት ወንድሜ ነው።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ዮሴፍ ነበር። አቦ «ያው አንድ ነቢይ ነው» ብሎ ዩሱፍ አለኝ፤ እንደ ልጁም በሃይማኖቱ አሳደገኝ። የአባቴን ስም ግን አልነካም። አቦ ሃይማኖቱን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሃይማኖቱ ደግሞ ያሳደጋችሁትን ልጅ በወለደው ሰው ስም ጥሩት ይላል። አብዲራሺድ አባቶቹን ሲለማመድ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። እንዲያውም ከእሱ በለጥኩ። አንድ ቀን ልቁጠር ብዬ ተነሳሁና «ዩሱፍ አብዲ…» ስል አቦ በመዳፉ አፌን ቀስ ብሎ ከደነው። «ይሄ የአብዲራሺድ ነው» አለኝ። «ያንተ ታደሰ ነው። የሰው ስም አይሰረቅም። የቀረውን አብረን እንፈልጋለን።» ብዙ ጠይቆ ነበር፤ አላገኘም። ከተማው በታመሰበት በ2010 ክረምት እኔ ታደሰ የሚለው ስም እንዳይታይብኝ መንጃ ፈቃዴን ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ ቤት ስቀመጥ፣ እሱ ወንበሩን የግቢው በር ላይ አውጥቶ ሁከቱ እስኪበርድ ከዚያ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ2014 ዓ.ም. ድርቁ በርትቶ ከብት እያለቀ ነበር። እኔ የውሃ ቦቴ እነዳለሁ፤ ከጅጅጋ ቀድቼ በሐርተሼክ ዙሪያ ላሉ መንደሮች አደርሳለሁ። የቦቴ ድምፅ ሲሰማ መንደሩ በሙሉ ጄሪካን ይዞ ወደ መንገዱ ይሮጣል። ወጣቶቹ ደግሞ ከኋላ መሰላሉ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሮቶው ጋ ቀድመው ለመሰለፍ ነው። እኛ ሹፌሮች እንቆጣለን፣ እነሱ ይንጠለጠላሉ፣ እንዲህ ሆነን ለመድነው። የዚያን ቀን ጠዋት በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም አልፈጠንኩም። የመንደሩ መግቢያ ላይ ያለው ጉድጓድ መኪናውን አናወጠው፤ ወዲያው የሕዝቡ ጩኸት ሌላ ዓይነት ሆነ። ፍሬን ያዝኩና ወረድኩ።

ሙክታር ይባላል፤ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ። የኋላው ጎማ ወገቡ ላይ ወጥቶበታል። የውሃ መክፈቻውን ይዞ ኖሮ ሲወድቅ ቧንቧው አብሮ ተገንጥሏል። ሴቶቹ እያለቀሱም ጄሪካናቸውን ከሚፈሰው ውሃ ሥር ይደቅኑ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዓመት ማንም አይፈርድባቸውም። አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱ አግዞኝ ጋቢና ውስጥ አስገባነውና ወደ ጅጅጋ ሆስፒታል ገሰገስኩ። ሙክታር ራሱን አልሳተም ነበር። ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገረም። «ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ዝጋው» ይለኛል። ዘግቼዋለሁ አልኩት፤ አልዘጋሁም፣ የሚዘጋም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይሰማኛል፣ ይፈሳል» አለ። ከከተማው ባሻገር ካራማራ ሲታየን ዝም አለ።

ጎረቤቱ ዓይኑን ከደነለትና ጸለየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ወንድሜ፣ አንተ የማን ነህ? ከማን ጋር እንደምንነጋገር እንድናውቅ ነው» አለኝ። የአብዲ ቤት ልጅ ነኝ አልኩት፤ የጎሳውንም ስም ነገርኩት። እሱም በቃ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሬሳውን ለሆስፒታሉ አስረክቤ በእግሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እጄን ሰጠሁ።

አካባቢውን ለማታውቁ ይህን ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሳያስበው እንኳ ነፍስ ቢያጠፋ፣ ካሳውን የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም። ጎሳው በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ዲያ ይባላል፣ የደም ካሳ ነው። የገዳዩ ሽማግሌዎች ለቅሶው ሳይነሳ ወደ ሟች ቤተሰብ ሄደው «ያጠፋው ልጃችን ነው፣ ዕዳው የእኛ ነው» ማለት አለባቸው። እንዲህ ካሉ ነገሩ ወደ ሽምግልና ይሄዳል። ካልመጡ ግን ንቀት ነው፤ ከሟች ወገን አንዱ ወጣት ተነስቶ ቢበቀል ማንም አይደነቅም። ፍርድ ቤትም መድንም አለ፣ እነሱ የሕጉን ይሠራሉ። ሰው ከእስር ወጥቶ መንገድ ላይ በሰላም የሚሄደው ግን ከኋላው የቆመ ሰው ሲኖረው ነው።

ከሰዓት በኋላ የሟች ወገኖች ጣቢያው በር ላይ መጡ። ፖሊሱ ስሜን ከመንጃ ፈቃዴ አነበበላቸው። ከእኔ ጋር ጋቢና ውስጥ የነበረው ጎረቤት ያን ጊዜ ቱግ አለ። እኔ በእስር ክፍሏ መስኮት እሰማዋለሁ፤ የአብዲ ልጅ ነኝ ብሎ ዋሸኝ፣ ሬሳው ፊት ዋሸኝ፣ እያለ ይምላል። ታደሰ የሚባል አባት ያለው ሰው የዚያ ጎሳ ሊሆን እንደማይችል ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አንድ ድምፅ «እንግዲህ ይሄ ሰው ማንም የለውም» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ የአቦ ጎሳ ሽማግሌዎች ግቢያችን በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። የሆነውን ሁሉ ያጫወተኝ አብዲራሺድ ነው፤ ምግብ ሊያመጣልኝ ሲመጣ በመስኮቱ ፍርግርግ ፊቱን አስጠግቶ ይነግረኝ ነበር። ሰብሳቢው አዴር ሮብሌ ናቸው፤ የአቦ የአጎት ልጅ፣ ነገር የሚያውቁ፣ አንደበታቸው የሚቆርጥ ሰው። አዴር ለአባት ወገን አጎት የሚባል ነው፣ ለሽማግሌም በአክብሮት ይባላል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምጠራቸው። አብዲራሺድ ወንድሜ ነው፣ አብረን ጠብተናል ብሎ ተከራከረ። አዴር ሮብሌ እስኪጨርስ ጠበቁትና፣ «ልጁን እንወደዋለን» አሉ። «ግን ጡት ጋብቻ ይከለክላል እንጂ ደም አያስከፍልም። አብዲ ራሱ ነፍሱን ይማረውና ስሙን አልሰጠውም። እሱ ያልሰጠውን እኛ ከየት አምጥተን እንስጠው? ደግሞ በየቤታችሁ ስንት ከብት ቀርቷል?»

በዚያ ዓመት ለገዛ ልጁ የሚያዋጣው የሌለው ሰው ነበር በረንዳው ላይ የተቀመጠው። አልፈርድባቸውም ብል ግን አትመኑኝ፤ ያን ቀን ፈርጄባቸዋለሁ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ያነሱት ምክንያት ነው። አቦ ፈጣሪውን ፈርቶ የጠበቀልኝ ስም በሩን ዘጋብኝ። ትንሽ ሰርቆልኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲህ ብዬ በመመኘቴም በእሱ ፊት አፈርኩ።

አብዲራሺድ ከዚያ ወደ ክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎች ሄደ። በአክብሮት ተቀበሉት። አንደኛው አዛውንት እናቴን ያስታውሷታል፣ የልጆቻቸውን የዓመት በዓል ልብስ የሰፋችው እሷ ነበረች። ግን ዲያ የሚባል ነገር በእነሱ ዘንድ የለም፤ ጠበቃ እናቆምለታለን፣ ስንቅ እንልካለን አሉት። በዚያ ላይ ልጁ እስላም ነው፣ ገብተን ይሄ የእኛ ነው ብንል ያንተ ወገኖች ምን ይሉናል አሉት። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምንም የተሳሳቱት ነገር የለም። አብዲራሺድ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሌላ እስረኛም ነበረ፣ በድብድብ የገባ፤ ለእሱ ጠዋትና ማታ አጎቶቹ እየመጡ በር ላይ ይጨቃጨቁለታል። በዚያ ሰው ቀናሁ። ሌባም ነፍሰ ገዳይም ብሆን የማን እንደሆንኩ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ለቅሶው ሊነሳ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሙክታርን እያሰብኩ፣ ስለ ራሴ መጨነቄ ደግሞ እያሳፈረኝ፣ ሁለቱም አልቀቅ ብለውኝ ዋልኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲቀመጡ ሆዮ ገባች። ሴት የሽማግሌ ጉባኤ ላይ አትናገርም፤ ሻይ አቅርባ ትወጣለች። እሷ ግን ባዶ እጇን ገብታ መሃል ቆመች። ወንዶቹ ሻዩን ሲጠብቁ አዴር ሮብሌን ስማቸውን ጠርታ ጀመረች።

«ሮብሌ፣ ዩሱፍ ልጅ ሆኖ የሌላ ጎሳ ልጅ በዱላ መትቶ እጁን ሲሰብረው ማነው ሄዶ የተከራከረው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«አንተ ነህ። የልጃችን እጅ ነው ብለህ ግመል አስከፈልካቸው። እዚሁ ግቢ ታረደ። ሻኛውን ማን እንደበላ ልናገር? ያን ቀን ታደሰ የሚባል ስም ከአፍህ አልወጣም። ስትበሉ የእናንተ፣ ስትከፍሉ የታደሰ? ወይ ልጁን ውሰዱ፣ ወይ ግመሉን መልሱ።»

ይህን ብላ ወጣች። ነገሩ እውነት ነው። የግራ እጄ አንጓ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው፤ መሪ ስይዝ ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ ግን ለዚያ እጅ ካሳ እንደተበላበት አላስታውስም ነበር። በእኛ ወግ ለጉዳቱ የተቀበልክለት ሰው ያንተ ነው፤ አዴር ሮብሌ ሕጉን ከማንም በላይ ያውቁታል። ብዙ ሰዓት ተከራክረው፣ አንዳንዱም እያጉረመረመ፣ እሺ አሉ። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የሟች አባት ፊት ቀርቤ የማን እንደሆንኩ ስጠየቅ፣ የአቦን አባቶች እንደ ራሴ አድርጌ እስከ ላይ ልቁጠር። ታደሰ የሚባል ስም እንዳላነሳ፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን የወረቀት ስም ነው ብለን እንመልሳለን። ያለዚያ የሟች ወገን ሊያፌዝብን ይችላል፣ የሌላ ሰው ልጅ ይዘው መጡ ይሉናል አሉ።

አብዲራሺድ ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ሆዮም አብራው ነበረች። ምን ይሻላል አልኳት። አቦ አፌን የከደነበትን ቀን እሷም ታስታውሳለች። በመጨረሻ «በሕይወት ኑርልኝ፣ ሌላውን እኔ ለእሱ አስረዳለሁ» አለችኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። አብዲራሺድ አባቶቹን ሊያስጠናኝ ጀመረና ሰባተኛው ላይ ተደናቀፈ። እኔ አረምኩት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሱ ማልቀስ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች በፒክአፕ ጭነው ሐርተሼክ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ወሰዱኝ። የእኛ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ የእነሱ በሌላው ተቀምጠዋል። መሬቱ ደርቆ ነጥቷል፤ ከመንገዱ ማዶ የሞተች ላም ተጋድማለች፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አዴር ሮብሌ ተነስተው በሚገባው ወግ ሐዘናቸውን ገለጹ፤ ያጠፋው ልጃችን ነው፣ ዕዳው የእኛ ነው አሉ። ጋቢና ውስጥ አብሮኝ የነበረው ጎረቤት ሊቃወም ሲነሳ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው አስቀመጡት። ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የቀቡ ሰው ናቸው። ኡስማን ይባላሉ፣ የሙክታር አባት። ልጃቸው በሞተበት ሰዓት የቀሩ ከብቶቻቸውን ይዘው ሳር ፍለጋ ሄደው ነበር፤ የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው።

«ልጁ ወደዚህ ይምጣ» አሉ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክኩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ልጃቸው ምን ብሎ እንደሞተ ጠየቁኝ፤ ውሃው እንዳይፈስ ዝጋው ይለኝ ነበር አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ «የማን ነህ? ቁጠርልኝ» አሉ።

ሃያው ስም አፌ ላይ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቆጥረው የምጓጓለት፣ ማንም ቁጠር ያላለኝ ስም። አሁን ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። «ዩሱፍ» አልኩ፤ ቀጥሎ አብዲ ማለት ነበረብኝ። የሰውዬውን ፊት እያየሁ አልወጣ አለኝ። ልጁን ዋሽቼዋለሁ፣ ውሃው ተዘግቷል ብዬዋለሁ። አባትየውንም ልዋሽ? «ታደሰ» አልኩ።

ከኋላዬ የእኛ ሰዎች ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። አንዱ «አበቃለት» አለ። ጎረቤትየው «አላልኳችሁም?» ብሎ ብድግ አለ። ሽማግሌው ኡስማን ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም።

«ከታደሰ በላይ?»

«አላውቅም፣ አዴር። አንድ ነው ያለኝ። ወታደር ነበር፣ ሳልወለድ ሄደ። ያሳደገኝ አብዲ ነው፤ የሰው ስም አይሰረቅም ብሎ አስተማረኝ።»

እንዲህ ብዬ ነገሬን ጨረስኩ። ሕይወቴንም የጨረስኩ መሰለኝ። አብዲራሺድ ራሱን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ እሱን ሳይ ለሆዮ ምን ብሎ ይነግራት ይሆን ብዬ አሰብኩ። የመንገዱ አቧራ ብቻ እየተነሳ ያልፋል። ቀጥሎ የተነሳው ድምፅ የአዴር ሮብሌ ነበር፤ በጣም የተናደደ ድምፅ።

«እንዳያወራ ነግሬው ነበር» አሉ ለሟች ወገን። «አልሰማኝም። እናንተ አብዲን ታውቁታላችሁ፤ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ቆዳ ነውር ራሱ ለገዢው የሚያሳይ ሰው ነበር። ይሄ ግትርነት ከታደሰ የመጣ አይደለም፣ ታደሰ አላሳደገውም። አባቱ ታደሰ ነው፣ እሺ። እጁ ሲሰበር የበላነው ግን እኛ ነን። ዕዳው የእኛ ነው፣ አለቀ።» ብለው ተቀመጡ። ወደ እኔ እንኳ አላዩም።

የሟች ሽማግሌዎች ጥቂት ተነጋግረው ተቀበሉ። ምን ያህል እንደሆነና እንዴት እንደተከፈለ አልጽፍም፤ በዚያ ድርቅ ከየቤቱ የወጣው ነገር ሲነገር ያስለቅሳል። እኔ ገና ተንበርክኬ ነበር። ሽማግሌው ኡስማን ተደግፈውኝ ተነሱ፤ ክብደት አልነበራቸውም። ከእኔ በቀር ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ ተናገሩኝ።

«ሙክታር አንድ ነበር። ከእኔ በላይ ሃያ ሦስት አባት እቆጥራለሁ፣ ከእኔ በታች ከእንግዲህ የሚቆጠር የለም። ይቅር እንድልህ አትጠብቅ፤ ዛሬ አልችልም፣ ነገም እንደምችል አላውቅም። ያ ሰውዬ ግን፣ ታደሰ፣ በሕይወት አለ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ካለ ፈልገው» አሉኝ። «ከበታቹ ሰው መኖሩን ሳያውቅ እንዳይሞት።»

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ፍርድ ቤት የሕጉን ወስኖ ነገሩ ተዘግቷል። ቦቴ መንዳት ትቼ ጅጅጋ ውስጥ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከጎሳው አንድ ሰው ባጠፋ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል፤ አዴር ሮብሌ ናቸው፣ ሰላምታ ሳያበዙ ድርሻህን ላክ ይሉኛል። እልካለሁ። ስልክ ሲጮህ ደስ የሚለው ዕዳ ከፋይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሽማግሌው ኡስማን ይቅር አላሉኝም፤ ሊሉኝም አይገደዱም። በየረመዳኑ ሄጄ በራቸው ላይ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ይመልሱልኛል፣ ግባ አይሉኝም። ሙክታር በሕልሜ ይመጣል፤ አንድም ቀን አይቆጣም፤ ውሃውን ዝጋ ብቻ ይለኛል።

ሰዎች የየትኛው ነኝ ብለህ ታምናለህ ይሉኛል፤ ሐበሻ ወይስ ሶማሌ። ድሮ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አሁን ለማን ዕዳ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ወገን ማለት ለእኔ እሱ ነው። በዚህ በኩል ተመልሶልኛል። ያልተመለሰልኝ ሌላው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ታደሰ ለእኔ ጥሎኝ የሄደ ሰው ነበር፤ በልቤም ቀብሬዋለሁ። ልጁን ያሳጣሁት ሰው ነው ከዚያ መቃብር ያወጣብኝ። አሁን ሳስበው ያ ወታደር የሸሸው ከመንግሥት ውድቀት እንጂ ከእኔ አልነበረም፤ መኖሬን ማን ነገረው?

ይህን ታሪክ በሶማሊኛ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር፤ የማለቅሰውም የምስቀውም በእሱ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት አንድ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። በዚህ አገር ታደሰ የሚባል ሰው ብዛቱ ስፍር የለውም፤ ጅጅጋ ያገለገለም ብዙ ነው። የምታነቡኝ ሁሉ፣ ከአጎት ከጎረቤት መካከል በዚህ ስም የሚጠራ የድሮ ወታደር ታውቁ እንደሆነ ይህን አንብቡለት። ዓይኑ ደክሞ እንደሆነ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ከአልማዝ ከልብስ ሰፊዋ ጋር የነበርከው ታደሰ፣ ጥያቄም ወቀሳም የለኝም፤ ያንተን አባት ስም ብትነግረኝ ግን ሁለተኛውን እቆጥር ነበር። አንተም ወደ ታች ስትቆጥር አንድ አለህ፤ ዩሱፍ እባላለሁ።